የተማረከ ሰርጓጅ መርከብ ምን ይሠራበታል? ከምጽዋ እስከ ሲንጋፖር

(በሐዋሳ መሃል ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ። በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ ሰርጓጅ መርከብ ለመናገር ሐዋሳን መምረጥ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የተሳፈርንበት ትልቁ የውኃ ላይ መጓጓዣ ከሐይቁ ዳር የሚነሣው ጀልባ ነው። ሆኖም ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አንዱ ጫፉ ምጽዋ ነው። ሌላው ጫፉ ሲንጋፖርና ጃፓን ይደርሳል። በመካከሉም የተምቤን ተራራ፣ የመቀሌና የነገሌ ስም ባልጠበቅነው ስፍራ ብቅ ይላሉ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ የባሕር ኃይል የሌላውን ሰርጓጅ መርከብ ሲማርክ ምን ያደርግበታል? መልሱ እንደ ማራኪው ሁኔታ ይለያያል። የእኔ ክርክር ደግሞ ይህ ነው፦ ማራኪው ምርኮውን የሚጠቀምበት መንገድ የባሕሩ ገጽ በማን እጅ እንዳለ ይነግረናል። ገጹን የያዘ ወገን የተማረከውን መርከብ መለማመጃ ያደርገዋል። ገጹን ያጣ ወገን ግን ጭነት ያሸክመዋል።

ከቅርባችን እንጀምር። ጣሊያን በሰኔ 1940 ጦርነት ስታውጅ በምጽዋ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሾቹ ጠፉ። የመጀመሪያው «መቀሌ» ይባል ነበር፤ አዎን፣ በትግራይዋ ከተማችን ስም የተሰየመ። በቀይ ባሕር ሙቀት መርከቡን ለማቀዝቀዝ የተገጠመው መሣሪያ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ አፈተለከ፤ መርከበኞቹ በጋዙ ተመርዘው ሳለ መርከቡ በሰኔ 15 ቀን በሱዳን ባሕር ዳርቻ ትይዩ ከምትገኝ ትንሽ ደሴት ጋር ተላትሞ ቀረ። ጠላት እጁን አላነሣበትም።

ሁለተኛው «ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» ነው። በሰኔ 19 ቀን ከኤደን ወጣ ብሎ ያገኘው ተቃዋሚ ትልቅ የጦር መርከብ አልነበረም። ለጦርነት የታጠቀ «ሙንስቶን» የሚባል የዓሣ ማጥመጃ ዓይነት ትንሽ መርከብ ነበር። ሰርጓጁ ወደ ላይ ወጥቶ በመድፍ ሊዋጋ ሞከረ፤ አዛዡና መኮንኖቹ በተኩስ ሲወድቁ የቀሩት እጅ ሰጡ። እንግሊዞች መርከቡን ወደ ኤደን ጎትተው ወሰዱት። በውስጡ የተገኙት ሰነዶች ሌላውን የጣሊያን ሰርጓጅ «ጋልቫኒ»ን ለማግኘት ረዷቸው፤ በአምስተኛው ቀን ሰጠመ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ «ቶሪቼሊ» በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ ጠፍቷል።

እንግሊዞች «ጋሊሌይ»ን ምን አደረጉት? አዲስ ቁጥር ሰጥተው መለማመጃ አደረጉት። የእነርሱ መርከበኞች ሰርጓጅ ማደንን የሚማሩበት ዒላማ ሆነ። ጭነት ሊያሸክሙት አላሰቡም፤ ምክንያቱም ጭነታቸው በተራ የንግድ መርከብ፣ በቀን ብርሃን፣ በቀይ ባሕር ላይ ያልፍ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የቀሩት አራቱ «ጉሊየልሞቲ»፣ «አርኪሜዴ»፣ «ፌራሪስ» እና «ፔርላ» ነበሩ። በ1941 መጀመሪያ የእንግሊዝ ጦር ወደ ከረን ሲገፋ የምጽዋ ዕድሜ እንዳጠረ ግልጽ ሆነ። የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን ዝግ ነው። አራቱ መርከቦች በመጋቢት የመጀመሪያ ቀናት ተራ በተራ ከምጽዋ ወጥተው፣ አፍሪካን በሙሉ በደቡብ ዞረው፣ በመንገድ ላይ ከጀርመን መርከቦች ነዳጅና ስንቅ እየተቀበሉ በግንቦት ወር ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ ደረሱ። ትንሿ «ፔርላ» ለዚህ ጉዞ ሰማንያ ቀን ያህል ፈጅቶባታል። ምጽዋ በሚያዝያ 8 ቀን 1941 ተያዘች። የእኛ የታሪክ መጻሕፍት ስለዚህ ዘመቻ ሲተርኩ ከረንን፣ አምባ አላጌን፣ በኋላም ጎንደርን ያነሣሉ፤ በባሕር በኩል ያመለጡትን ግን ብዙም አይከተሏቸውም። እኔ ልከተላቸው ፈለግሁ።

ከእነዚህ ቀደም ብላ በየካቲት ከምጽዋ የሸሸች አንዲት የገጸ ባሕር መርከብም ነበረች። ስሟ «ኤርትራ» ነው። ለቅኝ ግዛት አገልግሎት የተሠራች የጦር መርከብ ስትሆን ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ሄደች፤ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጣ ጃፓን ገባች። እንግዲህ ምጽዋ ስትፈርስ ፍርስራሿ በሁለት አቅጣጫ ተበተነ፦ አንዱ ቦርዶ፣ ሌላው ሩቅ ምሥራቅ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚህን ሁለት ጫፎች የሚያገናኝ የጭነት መስመር ተዘረጋ።

መስመሩ ለምን አስፈለገ? ጃፓን በ1942 መጀመሪያ ማላያንና የሆላንድን ምሥራቅ ሕንድ ስትይዝ አብዛኛው የዓለም የተፈጥሮ ጎማ በእጇ ገባ። የወባ መድኃኒት የሆነው ክዊኒንም እንዲሁ፤ ዋናው ምንጩ የጃቫ ደሴት ነበር። ቆርቆሮና ተንግስተንም በአካባቢው ይገኙ ነበር። ጀርመን ሰው ሠራሽ ጎማ ብታመርትም የተፈጥሮው ጎማ ካልተቀላቀለበት ለከባድ ተሽከርካሪ የሚሆን ጎማ መሥራት አስቸጋሪ ነበር። ለብረት መቁረጫ መሣሪያ ደግሞ ተንግስተን የግድ ነው። በአንጻሩ ጃፓን ከጀርመን የምትፈልገው ባዚቃ፣ ልዩ ብረት፣ የራዳር ዕውቀትና የጦር መሣሪያ ንድፍ ነበር። ሁለቱ አጋሮች የሚፈላለጉትን ይዘው በሁለት የዓለም ዳርቻ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው ባሕር የጠላት ነው።

መጀመሪያ እገዳውን የሚጥሱ ፈጣን የንግድ መርከቦች ተሞከሩ፤ ለተወሰነ ጊዜም ተሳካላቸው። ነገር ግን የአጋሮቹ አውሮፕላኖችና የኮድ ፈቺዎቻቸው ሥራ እየጠነከረ ሲሄድ መርከቦቹ መታደን ጀመሩ። በጥር 1944 መጀመሪያ ሦስት እንዲህ ያሉ መርከቦች በደቡብ አትላንቲክ በሦስት ቀን ውስጥ ሰጥመዋል። መውጫው ከገጹ በታች ብቻ ሆነ።

አድሚራል ዶኒትዝ በ1943 መጀመሪያ የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ ሲሆን ዓይኑ በቦርዶ ባሉት የጣሊያን ሰርጓጆች ላይ ዐረፈ። ትልልቅና ረጅም ርቀት የሚሄዱ ናቸው። ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ በፍጥነትም አይሰጥሙም፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜው አትላንቲክ ለውጊያ አይበቁም። ጣሊያኖች መርከቦቹን ለጭነት እንዲሰጡና በምትኩ ዘጠኝ አዳዲስ የጀርመን ሰርጓጆች እንዲቀበሉ ስምምነት ተደረገ። ሰባት መርከቦች ለለውጡ ተመረጡ፦ «ካፔሊኒ»፣ «ጁሊያኒ»፣ «ቶሬሊ»፣ «ታዞሊ»፣ «ባርባሪጎ»፣ «ባኞሊኒ» እና «ፊንዚ»። ከምጽዋ ካመለጡት አንድም የለበትም። «ፌራሪስ» እና «ጉሊየልሞቲ» ቀደም ብለው ሰጥመዋል፤ «አርኪሜዴ» በዚያው ሚያዝያ በብራዚል ትይዩ በአውሮፕላን ተመትታ ከመርከበኞቿ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት ተረፈ። «ፔርላ» ደግሞ ወደ ሜዲትራኒያን ተመልሳ በሐምሌ 1942 ከቤይሩት አጠገብ በእንግሊዝ ተማርካ ነበር። እርሷንም ማራኪዎቹ ለግሪክ ባሕር ኃይል ሰጧት እንጂ ጭነት አላሸከሟትም።

እዚህ ላይ የምሕንድስና ተማሪዎች ጥቂት ታገሡኝ፤ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ስለሆነ ማብራራት አለብኝ። ማንኛውም መርከብ ሲንሳፈፍ ከውኃው በላይ የሚቀር ውኃ የማያስገባ የአካል ክፍል አለው። ያ ክፍል ትርፍ የመንሳፈፍ ኃይሉ ነው። ማዕበል ሲመጣ፣ ወይም ቀዳዳ ተፈጥሮ ውኃ ሲገባ መርከቡን የሚያተርፈው ይህ መጠባበቂያ ነው። በእነዚህ የጣሊያን መርከቦች ላይ መጠባበቂያው ከ20 እስከ 25 በመቶ ነበር። መድፉ ተነሥቶ፣ የጥይትና የቶርፔዶ ቦታው ለነዳጅና ለዕቃ ተለቅቆ፣ መርከቡ እስከ አፉ ሲጫን ግን ከ3.5 እስከ 6 በመቶ ወረደ። ይህ ማለት መርከቡ በገጽ ላይ እየተጓዘ እንኳ ጀርባው ከውኃው እምብዛም አይወጣም ማለት ነው። መከላከያው አውሮፕላን ላይ የሚተኮስ መትረየስ ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ሃምሳ ያህል ሰው በጭነት ላይ እየተኛ፣ ከጭነቱ አጠገብ እየበላ፣ ሁለት ወር ያህል የምድር ወገብን አቋርጦ ይጓዛል።

አንድ ሰርጓጅ በዚህ ሁሉ መሥዋዕትነት የሚሸከመው ምን ያህል ነው? «ካፔሊኒ» ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የጫነው 160 ቶን ገደማ ነበር። ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደጃፍ ቆማችሁ በሞጆ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትን ተሳቢ ያላቸው ከባድ መኪናዎች ተመልከቱ። አንዱ 40 ቶን ገደማ ይጭናል ብንል የሰርጓጁ ጭነት አራት መኪና ነው። አራት ሹፌርና አራት ረዳት በጥቂት ቀን የሚጨርሱትን ሥራ ለመሥራት አንድ የጦር መርከብ፣ ሃምሳ ሰው፣ ሁለት ወርና የማይቆጠር ነዳጅ ፈሰሰ። እኔ ይህን ስሌት ለመሳለቅ አላነሣሁትም። ለእገዳ ዋጋ የሚቆረጥለት እንዲህ ባለ ስሌት ስለሆነ ነው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አልነበረም። በ1916 ጀርመን ለንግድ ብቻ የተሠራ «ዶይችላንድ» የሚባል ሰርጓጅ ቀለምና መድኃኒት ጭኖ አሜሪካ ባልቲሞር ገብቶ ነበር፤ ሲመለስም ጎማና ኒኬል ይዞ ሄደ። ኋላ መርከቡን ቶርፔዶ አስታጠቁትና የጦር መርከብ አደረጉት። በሁለተኛው ጦርነት ጉዞው የተገላቢጦሽ ነበር። እንግሊዞችም ቢሆኑ ማልታ በ1941 በተከበበች ጊዜ በራሳቸው ሰርጓጆች ነዳጅና ምግብ አመላልሰዋል፤ በዚያች ደሴት ዙሪያ የባሕሩ ገጽ ለጊዜው ከእጃቸው ወጥቶ ነበርና።

ወደ መስመራችን እንመለስ። በግንቦትና በሰኔ 1943 አምስት መርከቦች ከቦርዶ ተነሡ። «ታዞሊ» እና «ባርባሪጎ» የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ጠፉ። «ካፔሊኒ»፣ «ጁሊያኒ» እና «ቶሬሊ» ሱማትራ ጫፍ ላይ ያለችው ሳባንግ፣ ከዚያም ሲንጋፖር ደረሱ። «ቶሬሊ» ጭነት ብቻ አልያዘም፤ አንድ ጃፓናዊ ኮሎኔልና አንድ ጀርመናዊ የራዳር ባለሙያ ተሳፍረውበት ነበር። በምሥራቅ እነዚህን መርከቦች የምትቀበለውና የምትረዳው ማን ነበረች? ከምጽዋ የሸሸችው «ኤርትራ»።

«ካፔሊኒ» የሚለውን ስም የሰሙ ካሉ ምናልባት በሌላ ምክንያት ይሆናል። ይኸው መርከብ በጥቅምት 1940 «ካባሎ» የተባለ የቤልጅግ መርከብ ካሰጠመ በኋላ አዛዡ ሳልቫቶሬ ቶዳሮ የተረፉትን መርከበኞች ትቶ አልሄደም፤ ከጦርነት ልማድ ውጭ ወደ አዞረስ ደሴቶች ወስዶ አድርሷቸዋል። ያ መርከብ ነው ኋላ ጎማ ተሸካሚ የሆነው።

በመስከረም 8 ቀን 1943፣ በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከአጋሮቹ ጋር ተኩስ ማቆሟ በሬዲዮ ተነገረ። በዚያች ሰዓት የቀድሞዎቹ ወዳጆች ጠላት ሆኑ። «ኤርትራ» በባሕር ላይ ነበረች፤ ዜናውን እንደሰማች አቅጣጫዋን ቀይራ ከጃፓኖች አመለጠችና ኮሎምቦ ገብታ ለእንግሊዞች እጅ ሰጠች። ከምጽዋም ከሲንጋፖርም ማምለጥ የቻለች መርከብ ናት። ሰርጓጆቹ ግን አልቻሉም። በምሥራቅ ያሉት ሦስቱ በጃፓኖች ተይዘው ለጀርመን ተላለፉ፤ ገና ያልተነሡት «ባኞሊኒ» እና «ፊንዚ» ቦርዶ ውስጥ በጀርመኖች ተያዙ። ስማቸው ተፍቆ ዩ አይ ቲ የሚል ምልክትና ከ21 እስከ 25 ያለ ቁጥር ተሰጣቸው። መርከበኞቹ የጦር ምርኮኛ ከመሆንና ለአዲሱ ጌታ ከመሥራት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። የተወሰኑት በመርከቡ ላይ ቀሩ፤ ጀርመኖችና ጣሊያኖች በአንድ መርከብ ውስጥ አብረው ተሳፈሩ።

የተፋቁት ስሞች ጉዳይ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። «ሬጂናልዶ ጁሊያኒ» ማን ነበር? የዶሚኒካን መነኩሴና የጥቁር ሸሚዝ ጦር ቄስ ነበር። በጥር 21 ቀን 1936 በመጀመሪያው የተምቤን ጦርነት ጣሊያኖች በወርቅ አምባ አቅራቢያ ባለው በር ተከብበው ሳለ ሞተ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስትመልሱት ጥር 12 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የቃና ዘገሊላ ዕለት። በራስ ካሣና በራስ ሥዩም ሥር የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት ያን በር ለመስበር ጥቂት ሲቀረው የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ጋዝ ወረዱበት። የፋሺስት መንግሥት ቄሱን ጀግና አድርጎ ስሙን ለመርከብ ሰጠ። አልፒኖ ባኞሊኒም በዚያው በኢትዮጵያ ጦርነት የሞተ የተራራ ጦር ወታደር ነው። ስለዚህ ተማርከው ጭነት ከተሸከሙት አምስት መርከቦች ሁለቱ በእኛ ምድር ላይ የሞቱ ወራሪዎችን ስም ይዘው ነበር።

ነገሩ በሰው ስም ብቻ አልተወሰነም። ጣሊያን ከ1936 ጀምሮ ባሠራችው አንድ ዓይነት አሥራ ሰባት ሰርጓጆች ላይ አድዋ፣ አክሱም፣ አምባ አራዳም፣ አላጌ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ደጋሃቡር፣ ወቢ ሸበሌ፣ ከደቡባችንም ነገሌ የሚሉ ስሞች ተጽፈውባቸዋል። ስም መስጠት የባለቤትነት አዋጅ ነው። «ነገሌ» የተባለው መርከብ በጥር 1941 በኤጂያን ባሕር ከነሰዎቹ ሰጠመ። ከአሥራ ሰባቱ ጦርነቱን አልፎ የተረፈው «አላጌ» ብቻ ነው። እነዚህ ስሞች በጣሊያን የባሕር ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም በየገጹ አሉ። አድዋ የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላታቸው ፈልጎ መጀመሪያ ሰርጓጅ መርከብ የሚያገኝ አንባቢ መኖሩን የታሪክ ተማሪዎቻችን ሊያውቁት ይገባል፤ ምንጭ ስታገላብጡም ያደናግራችኋል።

የአምስቱ ምርኮኞች ፍጻሜ እንዲህ ነበር። የቀድሞው «ጁሊያኒ»፣ አሁን ዩ አይ ቲ 23፣ በየካቲት 1944 ከሲንጋፖር ወደ ፔናንግ ሲጓዝ በማላካ ባሕረ ሰላጤ «ታሊ ሆ» በተባለ የእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመትቶ ሰጠመ። የቀድሞው «ባኞሊኒ» ከቦርዶ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በመጋቢት 11 ቀን 1944 ከጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር በስተደቡብ አውሮፕላኖች አገኙት፤ አንድም ሰው አልተረፈም። አካባቢው ምጽዋን የለቀቁት አራቱ ሰርጓጆች ከሦስት ዓመት በፊት በሰላም የዞሩበት ነው። በዚህ ጊዜ ግን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መንገዱን ይዘውት ነበር። «ፊንዚ» ጨርሶ ከቦርዶ አልወጣም፤ በነሐሴ 1944 ጀርመኖቹ ራሳቸው አሰጠሙት።

የቀድሞው «ካፔሊኒ» ዩ አይ ቲ 24 በየካቲት 1944 ከፔናንግ ወደ አውሮፓ ተነሣ። 130 ቶን ያህል ጎማ፣ ከዚያም ተንግስተን፣ ክዊኒንና ኦፒየም ጭኗል። ጉዞው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከምትጠብቀው «ሻርሎተ ሽሊማን» ነዳጅ ካልተቀበለ አይሆንም። እንግሊዞች ነዳጅ ጫኟን በየካቲት 12 ቀን አሰጠሟት። «ብራከ» የምትባል ሌላ ተተካች፤ በመጋቢት 12 ቀን እርሷም ሰጠመች። ዩ አይ ቲ 24 ጭነቱን እንደያዘ ወደ ፔናንግ ተመለሰ። ከገጹ በታች ለመሸሽ የተመረጠው መርከብ ነዳጁን የሚያገኘው ከገጹ ላይ ስለነበር እገዳው ከመርከቡ ጋር አብሮት ተጓዘ። ተማርከው ከተለወጡት አምስቱ መካከል አንድም ጭነቱን አውሮፓ አላደረሰም።

ጀርመን በግንቦት 1945 እጅ ስትሰጥ ጃፓኖች ዩ አይ ቲ 24ን እና የቀድሞውን «ቶሬሊ» ዩ አይ ቲ 25ን እንደገና ወርሰው አይ 503 እና አይ 504 አሏቸው። ሦስተኛ ሰንደቅ ዓላማ ማለት ነው። ከጣሊያኖቹም ጥቂቶች አሁንም በመርከቦቹ ላይ ነበሩ። በነሐሴ ጃፓን ተሸነፈች። አሜሪካኖች ሁለቱን መርከቦች መረመሩ። በዚያን ጊዜ የዓለም ባሕር ገጽ በሙሉ በእጃቸው ስለነበር ለመለማመጃ እንኳ አልፈለጓቸውም፤ በሚያዝያ 1946 ከጃፓን ባሕር ዳርቻ ወጣ አድርገው አሰጠሟቸው።

ለጥያቄና ለአስተያየት ጊዜ አለን፤ በተለይ ስለ ምጽዋ ወደብ የማወያየት ፍላጎት ያላችሁ ቀዳሚ ሁኑ።